መለኪያው "ሃይ" ሲለኝ

ነርስ ሆኜ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ዓመት የገጠመኝ ነው፣ እስካሁን ትዝ ሲለኝ ፊቴን ያቃጥለኛል። ድንገተኛ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ስምንት ሰዓት አካባቢ አንዲት እናት የ8 ዓመት ልጇን አዝላ ገባች፣ ያስመልሰዋል ሆዱን ይዞ ያቃስታል፣ ትንፋሹ ደሞ ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው ነው። የላኩት ሰዎች ወረቀቱ ላይ "ኒሞኒያ (የሳንባ ምች) ይሆናል" ብለው ጽፈዋል። እኔም ደክሟል ምግብ አልቀመሰም ብዬ ግሉኮስ ልሰቅልለት ከረጢቱን አንስቻለሁ (አገራችን ላይ ግሉኮስ ያልተሰቀለለት ሰው የታከመ አይመስለውም እኮ)። ብቻ ጎንበስ ስል አፉ አሴቶን አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ሸተተኝ። ጣቱን ወግቼ የደም ስኳሩን ብለካው መሳሪያው ቁጥሩን ትቶ "ሃይ" አለኝ። ሰላም እያለኝ ነው እንዴ! ስትሪፑ ተበላሽቷል ብዬ ጣልኩና በሌላ ደገምኩት፣ አሁንም "ሃይ"። ተረኛው ዶክተር ቀና ብሎ አየና "'ሃይ' በእንግሊዝኛ ከፍተኛ ነው፣ ስኳሩ ከ600 በላይ ነው ማለት ነው፣ ያንን ግሉኮስ መልሺው!" ብሎ ጮኸብኝ። ሽንቱ ሲታይ ኬቶን በኬቶን ነው፣ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም አቅቶት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው አሲድ። ሳላይን (የጨው ውሃ)፣ ከዛ ስኳር የሚያወርደው ሬጉላር ኢንሱሊን፣ በየሰዓቱ ስንለካ ነጋልን።

የሚያሳፍረኝ ግን እሱ አይደለም። ጠዋት ልጁ ነቃ ሲል እናትየው "ሲስተር ምን አግኝቶት ነው?" አለችኝ፣ እኔ ደሞ አፌ ላይ የመጣልኝን "ስኳር ነው፣ ከረሜላ አብዝታችሁበት ነዋ" አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ "ለጥምቀት አንዴ ነው የገዛሁለት" እያለች ታለቅስ ጀመር።

ዶክተሩ ሰምቶኝ ኖሮ ኮሪደር ላይ ጠራኝ። ያኔ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ይሄ ታይፕ 1 የስኳር በሽታ ነው፣ ከረሜላ ምን አገባው?" አለኝ። ቆሽት ውስጥ ላንገርሃንስ የሚባል ጀርመናዊ ገና ተማሪ እያለ በ1869 ያያቸው ደሴት መሳይ የሴል ክምችቶች አሉ፣ ኢንሱሊን የሚሠሩት ቤታ ሴሎች እዛ ናቸው። ቫይረስ የያዘውን ሴል እንዲገድሉ የተፈጠሩት ሲዲ8 ቲ ሴሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ተሳስተው እዛ ይገቡና ቤታ ሴሎቹን እየለዩ ይገድላሉ፣ ሲዲ4 የሚባሉት ሌሎቹ ቲ ሴሎች ያነሳሷቸዋል፣ ቢ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ደሞ አንቲቦዲ (ጠላት ያሉትን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ይሠራሉ። እኔን የገረመኝ እዛው ጎናቸው ያሉትን፣ ስኳር ከፍ የሚያደርገውን ግሉካጎን የሚሠሩ አልፋ ሴሎች አለመንካታቸው ነው። ይሄ ሁሉ የሚጀምረው ልጁ ውሃ ውሃ ከማለቱ ከወራት ምናልባትም ከዓመታት በፊት ነው፣ ስኳሩ ከፍ የሚለው አብዛኛው ቤታ ሴል ካለቀ በኋላ።

ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኳት። በደሙ ውስጥ ከበሽታ የሚጠብቁ ሴሎች አሉ፣ የራሱን አካል እንደ ጠላት ቆጠሩት፣ አንቺ ያጠፋሽው የለም አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና "ከጅብ ይጠብቅልኝ ብዬ ያሳደግኩት ውሻ በጌን ፈጀው በዪኛ" አለች። ከዛ ወዲህ ለወላጅ ሁሉ በሷ ቋንቋ ነው የማስረዳው።

ከ2 ወር በኋላ ለክትትል ስትመጣ የልጁ የኢንሱሊን ዶዝ በግማሽ ወርዷል፣ ፊቷ በርቷል። "ሲስተር ውሻው ታሰረ መሰለኝ፣ መርፌውን እንተወው?" ልቤ ድንግጥ አለ፣ ምክንያቱም ብዙ ልጅ ተመልሶ የሚወድቀው እዚህች ጋ ነው። አልታሰረም፣ በመርፌ የሚገባው ኢንሱሊን ሥራ ስላቀለላቸው የተረፉት ጥቂት በጎች ትንሽ ስላገገሙ ነው፣ ከተውሽው ወዲያው ትመለሺያለሽ አልኳት። አሁን አሜሪካኖቹ በ2022 የፈቀዱት ቴፕሊዙማብ የሚባል ቲ ሴሎቹን የሚያለዝብ መድኃኒት አለ፣ እሱም ቢሆን ምልክቱ ሳይወጣ በምርመራ ለተደረሰበት ሰው በሽታውን ወደ 2 ዓመት ገደማ የሚያዘገይ ነው እንጂ ውሻውን ለሁልጊዜ አያስረውም።

"እሺ በቃ" አለችና ብልቃጡን ተቀብላኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው። ፍሪጅ የላትም፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ትንሽ ማሰሮ ነው የምታስቀምጠው።