የተረከዝ ጅማቴ ከጥምቀት ወዲህ

ጠዋት ጠዋት አብረን ለምንሮጥ ልጆች ነው የምጽፈው። ከጥምቀት በኋላ የጀመርኩት የጅማት ልምምድ ለውጥ አምጥቶልኛል። አሁን የአዘዞን መንገድ ሜዳ ሜዳውን በዝግታ እሮጣለሁ። ዳገት ገና ነው።

ሕመሙን ታውቁታላችሁ። ከአልጋ ስትወርዱ ከባት በታች፣ ተረከዝ አጠገብ፣ ድርቅ ብሎ ይይዛል። ጥቂት ስትራመዱ ይለቃል። ሩጫ ላይም ሰውነት ሲሞቅ ይጠፋና በማግስቱ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ መነሻው ድንገት የጨመረ ጫና ነው። ጎንደር ደግሞ ዳገቷ አይቀመስም፤ ወደ ጎሃ ኮረብታ ስንወጣ ቁርጭምጭሚት በጣም ስለሚታጠፍ ጅማቱ ይበልጥ ይወጠራል።

ሰው ሁሉ የሚለው «አሳርፈው» ነው። እረፍት ሕመሙን ያስታግሳል፤ ጅማቱን ግን አያጠነክርም። እንዲያውም ሥራ ሲያጣ አቅሙ ይወርዳል። ወጌሻ ጋ መታሸትም ለጊዜው ያቀላል እንጂ አቅም አይጨምርም። ጅማት የሚጠነክረው በተመጠነ ጫና ነው፣ ያውም ቀስ ብሎ። ጡንቻ በሳምንታት ሲለወጥ እሱ ወራት ይፈልጋል።

መጀመሪያ ላይ ተረከዜን አንስቼ በጣቶቼ መቆም ብቻ ነበር፦ 45 ሰከንድ፣ እረፍት እየወሰድኩ 5 ጊዜ። ያ ሲቀለኝ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሜ በ3 ሰከንድ መውጣት፣ በ3 ሰከንድ መውረድ ጀመርኩ። ከዚያ በአንድ እግር። አሁን ውኃ የሞሉ ሃይላንዶች በጀርባ ቦርሳ ተሸክሜ እሠራዋለሁ፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ። ጉልበትን አጠፍ አድርጎ መሥራትንም አትርሱ፤ የታችኛውን የባት ጡንቻ የሚያሠራው እሱ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ታዋቂ ልምምድ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት የሚሠራ ነበር። እኔ ግን ክብደት ያለውንና ዝግ ያለውን እመርጣለሁ። ከሥራ ጋር ይመቻል።

ሕመሙ የተሰማችሁ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከሆነ ግን ተረከዛችሁን ከደረጃው በታች አታውርዱ፣ ባታችሁንም አትሳቡ። ጅማቱ አጥንቱ ላይ ይጨመቃል። መሬት ላይ ሥሩት። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማም ያግዛል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ የማግስቱን ጠዋት ማየት ነው። እየሠራችሁ ትንሽ ቢያማችሁ አትደንግጡ። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ብትለኩት፣ እስከ 5 ድረስ የሚፈቅዱ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ 3 ላይ እቆማለሁ። በማግስቱ መድረቁ ከወትሮው ካልባሰ ጫናው ልክ ነበር ማለት ነው። ከባሰ ቀንሱ፤ ጨርሳችሁ ግን አታቁሙ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው። ይህ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጅማት ሊጎዳ፣ አልፎም ሊበጥስ ይችላል። ጅማታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ድንገት «ቷ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ በጣታችሁ መቆም ካቃታችሁ ደግሞ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ።

ፒያሳ ደረጃ ስወጣ አሁን አያመኝም። የጠዋቱ መድረቅም ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ ይለቀኛል። ቀጥሎ የምጀምረው ገመድ መዝለል ነው፣ በጥቂቱ። እሱን ጅማቱ ከቻለልኝ ወደ ጎሃ መውጫ አጭሯን ዳገት እሞክራለሁ። ተመሳሳይ ሕመም ያለው ካለ የአዘዞውን ዝግ ሩጫ አብረን እንጀምር።