ዳውላታባድ፦ የህንዱ አምባና የሐበሻው ጌታ

ህንድ ውስጥ፣ ፑኔ ከተማ ነው የምማረው። መጋቢት ላይ፣ ሙቀቱ ሲጀምር፣ አንድ ዓርብ ማታ አውቶቡስ ይዤ ኦውራንጋባድ ገባሁ።

የሌሊቱን ነገር ተዉት። ያረፍኩበት ቤት መብራት ጠፋ፣ ቬንቲሌተሩ ቆመ፣ ቢምቢ እስኪነጋ ፈጀችኝ። ስልኬም ቻርጅ ሳይደረግ አደረ። ጠዋት ደግሞ የባጃጅ ሹፌሩ እስከ ዳውላታባድ ላለው 15 ኪሎ ሜትር መንገድ 800 ሩፒ ጠራብኝ። ተከራክሬ 500 ከፈልኩ። አውቶቡስ በጥቂት ሩፒ እንደሚያደርስ የሰማሁት ከደረስኩ በኋላ ነው፤ በጣም ተናደድኩ።

ኮረብታውን ሳየው ግን ንዴቴ በረደ። አምባ ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ከሜዳው ላይ ብቻውን 200 ሜትር ያህል ብድግ ብሏል። የእኛ አገር አምባዎች ገደላቸው የእግዜር ሥራ ነው፤ የዚህን ወገብ ግን ሰው ነው ዙሪያውን ጠርቦ ግድግዳ ያደረገው። በፈረንጆቹ 1327 የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ዋና ከተማውን ወደዚህ በማዞሩ አልፈረድኩበትም።

ከዓለቱ የተፈለፈለውን ጥልቅ ቦይ በድልድይ አልፌ «አንድሄሪ» የሚሉት ጋ ደረስኩ። ጨለማው ማለት ነው። የገባ ጠላት መውጫው እንዲጠፋው ተብሎ የተሠራ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። የላሊበላን ጨለማ ዋሻ ግድግዳ እየዳበስኩ፣ በጸጥታ ነበር ያለፍኩት። እዚህ የሌሊት ወፍ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ ልጆች ይጮሃሉ፣ እኔ ደግሞ መብራት የለኝም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፈርቼ ቆምኩ። አንዲት ከቤተሰባቸው ጋር የመጡ እናት እጄን ያዙኝ። «ቤታ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። መዳፋቸው ሻካራ ነው። የብርጭቆ አምባሮቻቸው ሲንቃጨሉ፣ እሱን እየሰማሁ ወጣሁ።

ብርሃን ላይ ስንደርስ ልጃቸው ከየት ነህ አለኝ። «ኢትዮጵያ» ስለው ዝም አለ። «ሐብሺ» ስለው ፊቱ በራ፤ «ማሊክ አምባር!»

እኔ ትምህርት ቤት ስሙን አንድም ቀን አልሰማሁም። ይሄ አሁንም ያናድደኛል። በፈረንጆቹ 1548 ገደማ ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሽጦ፣ በባግዳድ በኩል ህንድ የደረሰ ሰው ነው። የአሕመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴና የጦር አዛዥ ሆኖ፣ ከሰሜን የሚመጡትን የህንድ ገዥዎች፣ ሙጋሎችን፣ ለዓመታት አላስጠጋም ብሏል። ያደርኩባትን ከተማ በ1610 የቆረቆራት እሱ ነው፤ ያኔ ካድኪ ትባል ነበር። ውሃውንም ከመሬት በታች በቦይ ያመጣላት እሱ ነው። ይህ አምባም በእጁ ነበር።

ጫፍ ድረስ ወጣሁ፤ ነፋሱ ደስ ይላል።

ከሰዓት እዚያው አካባቢ ወዳለችው ኩልዳባድ ሄድኩ። ማሊክ አምባር በ1626 ሞቶ የተቀበረው እዚያ ነው። ጉልላት ያለው የድንጋይ ቤት፣ ዙሪያው ጭር ያለ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ድንጋዩ ከውጭው ሙቀት በኋላ እግሬን ቀዘቀዘኝ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ» አልኩ፣ በአማርኛ፣ ድምፄን አውጥቼ።