ከጽሑፉ በፊት ሥዕሉን

ነሐሴ እየተጋመሰ ነው። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የሚገዙትን ባለ ሥዕል የልጆች መጻሕፍት ዝርዝር ለርዕሰ መምህሩ ማቅረብ ይኖርብኛል። ዝርዝሩ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉትን ልጆች የሚመለከት ሲሆን፣ ገንዘቡ እንደ ወትሮው ጠባብ ስለሆነ አንድ መጽሐፍ በገባ ቁጥር ሌላው መውጣቱ ግድ ነው። በናሙና የመጡልኝን መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስመርጥ፣ ጽሑፉን አንድ መስመር እንኳ ሳላነብ ሥዕሉን ብቻ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እገልጣለሁ። ይህ አሠራሬ አንዳንድ ባልደረቦቼን ግር ይላቸዋል፤ እኔ ግን ለዚህ ዕድሜ አንባቢ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላገኘሁም።

የምፈልገው ሥዕሉ ከጽሑፉ የተለየ የሚነግረኝ ነገር መኖሩን ነው። ጽሑፉ «ልጅቷ ከገበያ ተመለሰች» ሲል፣ ሥዕሉም ከገበያ የምትመለስ ልጅ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ሥዕሉ ጌጥ ነው፤ ቢቀርም ታሪኩ አይጎድልም። ጽሑፉ ያንኑ እያለ፣ ሥዕሉ የዘንቢሏ ሥር ተቀዶ ሽንኩርቱ አንድ በአንድ ከኋላዋ ሲወድቅ፣ አንዲት ፍየልም ዱካዋን ተከትላ ስትለቅም የሚያሳይ ከሆነ ግን፣ መጽሐፉን የያዘው ልጅ ከባለታሪኳ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለው። የሚቀጥለውን ገጽ የሚገልጠው መምህሩ ስላዘዘው ሳይሆን፣ ቤት ስትደርስ እናቷ ምን እንደምትላት ለማየት ቸኩሎ ነው።

ሥዕልን እንዲህ ማንበብ ከውጭ የተዋስነው ልማድ ነው የሚል ሰው ካለ፣ የቤተ ክርስቲያኖቻችንን ግድግዳ ቢያይ መልካም ነው። በቀደመው የሥዕል ሥርዓታችን ጻድቁ ሙሉ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዐይኑ ሲሣል፣ ክፉው በጎኑ ዞሮ በአንድ ዐይኑ ብቻ ይሣላል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን፣ በእናቱ ጀርባ ላይ ያለው ሕፃን ሳይቀር፣ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። ዛሬ ለልጆች ከሚሣሉት መጻሕፍት ብዙዎቹ ይህን ያህል እንኳ አይነግሩም፤ ሁሉም ፊት በሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ፈገግታ ፈገግ ይላል፤ የሚያለቅሰው ልጅም ጭምር።

የአማርኛ ቋንቋ መምህራችን፣ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡኝ ሰው፣ በዚህ ነገር አይስማሙኝም። «ሥዕል ሲበዛ ልጁ ያነበበ ይመስልሻል እንጂ እየገመተ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሥዕሉ ላይ ፈረስ የመሰለ እንስሳ ያየ ልጅ፣ ከሥሩ «በቅሎ» ተብሎ ቢጻፍም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፈረስ» ይላል፤ ሥዕሉን በወረቀት ሸፍነው መልሰው ሲያስነብቡት ዝም ይላል። ከእርሳቸው ጋር ብዙ ከተከራከርን በኋላ ነገሩን በሁለት ከፍዬ ማየት ጀመርኩ፤ ልጁ ራሱ የሚያነበው መጽሐፍ አለ፣ ለልጁ የሚነበብለት መጽሐፍም አለ። በመጀመሪያው ዓይነት ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቃሉ ተደጋጋሚ፣ ሥዕሉም መልሱን አስቀድሞ የማያስረክብ መሆን አለበት፤ በዚህ የመምህሩን ምክር ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ። በሁለተኛው ግን ቋንቋው ከልጁ የንባብ ችሎታ በላይ ቢሆንም አይጎዳም፤ መምህሯ ስታነብ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሥዕሉን ይመረምራሉና፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢበዛ አልከፋም፤ ከኋላ ለተቀመጠው እስከታየ ድረስ።

ስለ ፊደል አቀማመጥ የሚጨነቅ አሳታሚ ጥቂት ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለችው ትንሽ ጭረት ነው፤ በአንዱ መሐል ላይ ትውላለች፣ በሌላው ከሥር። «ቤ» ከሆነ ደግሞ ከሥር ቀለበት ይኖረዋል። ጽሑፉ በሣር፣ በቅጠል ወይም በሐይቅ ሞገድ ሥዕል ላይ በቀጥታ ከታተመ፣ ያቺ ጭረት ከሣሩ ጋር ተቀላቅላ ትጠፋለች፤ አዋቂው ቃሉን በልምድ ስለሚያውቀው ሳይደናቀፍ ያልፋል፣ ፊደል ገና በመለየት ላይ ያለው ልጅ ግን እዚያው ይቆማል፤ ጥፋቱም የራሱ ይመስለዋል። ስለዚህ ጽሑፉ በነጭ ወይም በሳሳ ወጥ ቀለም ላይ ያላረፈ መጽሐፍ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ልጁ ራሱ ከሚያነባቸው መካከል አላስገባውም። ሁለት ቋንቋ የያዙት መጻሕፍት ሌላ ችግር አለባቸው፤ እንግሊዝኛው ከላይ በትልቁ ተንሰራፍቶ፣ አማርኛው ከሥር ቦታ እንደተለመነለት ሆኖ በቀጭን ፊደል ይታተማል።

ይህን ስጽፍ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን አሰብኩ። በሳን ፍራንሲስኮ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ሲሠሩ፣ በዙሪያቸው በብዙ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት እያሉ በአማርኛ የተጻፈ አለማግኘታቸው ነው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ወደ ማሳተም የመራቸው። በኋላ በእርሳቸው ድርጅት አማካይነት በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት በ2003 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ እዚሁ ሐዋሳ ደግሞ በአህያ ጋሪ የሚጎተተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ልጆች ወዳሉበት ይሄድ ነበር። ያኔ ጥያቄው በአማርኛ መጽሐፍ ይገኛል ወይስ አይገኝም የሚል ነበር። ዛሬ የመምረጥ ችግር ላይ መድረሳችን ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

የሐዋሳን ልጅ በሥዕል ማታለል ደግሞ አይቻልም። በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት እያየ ያደገ ልጅ ቆሮሶን ከአምባዛ ይለያል፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ምን ያህል ቁመት እንዳለው፣ አንገቱም ላባ እንደሌለው ማንም አያስተምረውም። ከናሙናዎቹ በአንዱ ላይ «ነብር» ተብሎ የተሣለው ዥንጉርጉር ሳይሆን መስመር ያለው እንስሳ ነው፤ ይህ በእስያ እንጂ በአገራችን የማይኖር አውሬ ስለሆነ መጽሐፉን ያለ ምንም ማመንታት ወደ ጎን አድርጌዋለሁ። በሌላው ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ልጆች ሁሉ በባዶ እግራቸው በሣር ጎጆ ፊት ቆመዋል። የገጠር ሕይወት መሣሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በባጃጅ ትምህርት ቤት የሚመጣ፣ አስፋልት ላይ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ከመጽሐፍ ውስጥ ጭራሽ የሌለ መሆን የለበትም። በአንጻሩ በረዶ ያለባቸውን የውጭ መጻሕፍት አልጥልም፤ የማያውቁትን ማየትም የልጆች መብት ነው።

ስለ ጥራዝ ብዙ አልልም። በሽቦ የተያያዘው ቀጭን መጽሐፍ ርካሽ ቢሆንም ርእስ የሚጻፍበት ጀርባ ስለሌለው፣ ከሌሎች ጋር ተሰልፎ ሲቆም ይጠፋል፤ ሽፋኑን ፊት ለፊት የሚያሳይ መደርደሪያ ያስፈልገዋል፤ ለዚያ አናጺ አነጋግሬያለሁ። በሙጫ ብቻ የተጣበቀውን አልገዛም፤ በክር የተሰፋው ይበልጣል።

በዝርዝሩ ውስጥ አንድም ቃል የሌላቸውን መጻሕፍትም አስገብቻለሁ። 1ኛ ክፍል ውስጥ ቤቱ ሲዳሙ አፎ የሚናገር፣ ወላይትኛ የሚናገር፣ አማርኛ የሚናገር ልጅ አብሮ ይቀመጣል፤ ሲዳሙ አፎ በላቲን፣ አማርኛ በግእዝ ፊደል ስለሚጻፍ አንዱ ልጅ የሚያነበውን ሌላው ላያነበው ይችላል። ቃል አልባው መጽሐፍ ፊት ግን ሁሉም እኩል ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም ታሪኩን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይተርካል።

ርዕሰ መምህሩ «ቀንሺ» ማለታቸው አይቀርም። ከተቀነሰ በመጀመሪያ የሚወጡት በየገጹ ግርጌ ምክር ያሰፈሩት፣ ለአዋቂ ዐይን ቁም ነገረኛ የሚመስሉት ይሆናሉ። ቃል አልባዎቹን ግን አላስነካም፤ «ጽሑፍ የሌለው መጽሐፍ በገንዘብ ይገዛል ወይ?» ብለው እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ፣ የ1ኛ ክፍል መምህርቷ ዝርዝሩን ሳቀርብ አብራኝ እንድትገባ ለምኛታለሁ፤ እሺ ብላለች።