ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ኪሎ ሜትሩ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ያለው አጭሩ የአየር ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደለስ ወደ ቦሌ አውሮፕላኑ የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ከቦሌ ወደ ደለስ ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ስለሚሞላ 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጃል።

ብዙ ሰው ልዩነቱን ሁሉ ለነፋስ ይሰጣል። በእርግጥ በሰሜን አትላንቲክ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ከፊት ይገፋዋል፣ የሚመለሰውን ከኋላ ያግዘዋል። ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ባሕር ዳር ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። 3,800 ሜትር በሚረዝም ማኮብኮቢያ ላይ እንኳ ሙሉ ተሳፋሪ፣ ሙሉ ጭነትና እስከ ዋሽንግተን የሚበቃ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። የቀን ሙቀት አየሩን ይበልጥ ያሳሳዋል፤ ለረጅም በረራ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ይሻላል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል።

ማረፊያው መንገድ ያስረዝማል ብሎ ማሰብም ልክ አይደለም። ለዓመታት ሲታረፍባት የኖረችውን ደብሊንን እንውሰድ። ከቦሌ ደብሊን 6,370፣ ከደብሊን ደለስ 5,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድምሩ ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከ20 ደቂቃ በረራ አይበልጥም። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ጠማማ ይመስላል እንጂ፣ በሉል ላይ ክር ወጥሮ ያየ ሰው አጭሩ መንገድ በአውሮፓ በኩል እንደሚያልፍ ይረዳል። ጊዜ የሚበላው ለማረፍ ዝቅ ማለቱ፣ ነዳጅ መሙላቱና እንደገና ከፍታ መያዙ ነው።

የመድረሻ ሰዓት ለማስላት፣ መነሻውን መጀመሪያ ወደ መድረሻው አገር ሰዓት መልሱና የጉዞውን ሰዓት ደምሩ። ዋሽንግተን በክረምታቸው ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ከመጋቢት ሁለተኛ እሑድ እስከ ኅዳር የመጀመሪያ እሑድ በፈረንጅ አቆጣጠር 7 ሰዓት ትሆናለች። ለምሳሌ በክረምታቸው በ22:30 ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን በዋሽንግተን ሰዓት 14:30 ላይ ተነሳ ማለት ነው፤ 17 ሰዓት ሲደመር በማግስቱ 07:30 ይደርሳል። ከዚያ ሌላ በረራ የሚቀጥል ሰው ቢያንስ 3 ሰዓት ይተው፤ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ፣ ሻንጣም እዚያው ተቀብሎ እንደገና ማስረከብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት የእኩለ ሌሊቱ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:45» ካለ፣ በረራው በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:45 ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሰው በረራው አምልጦታል። ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ ለመገኘት ቦሌ መድረስ ያለበት ሰኞ ከምሽቱ 3:45 ነው።