ከባሕር ዳር ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት፦ ከፈተናው ይልቅ የገቢ ወረቀቱ ይከብዳል

ባሕር ዳር ላሉ ወላጆች፣ ውድድራቸው ለበረታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያመለክቱ ሰነድ በማዘጋጀት አግዛለሁ። ሁሉም የሚጀምሩት በሁለት ጥያቄ ነው፦ «ስንት ነጥብ ይፈልጋሉ?» እና «ስንት ያስከፍላሉ?» ዩኒቨርሲቲው በድረ ገጹ ላይ አጉልቶ የሚያሳያቸው ቁጥሮች ለሁለቱም በቂ መልስ አይሰጡም። ይህን በጊዜ የሚነግራቸው አጥተው ዓመት ያቃጠሉ ቤተሰቦች ስላሉ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ መስፈርቱ። ሃርቫርድን የመሰሉት ከ100 አመልካች የሚቀበሉት 4 ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ግን አሜሪካዊውን፣ ሙሉ ከፋዩንና ስፖርተኛውን ሁሉ ደባልቆ የያዘ ነው። የእናንተ ልጅ የሚወዳደረው የገንዘብ ድጋፍ ከሚጠይቁ የውጭ አገር አመልካቾች ጋር ነው። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የምከፍተው «ኮመን ዳታ ሴት» (Common Data Set) የሚባለውን ሰነድ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ አንድ ዓይነት ቅጽ ሞልተው ያወጡታል፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም ጨምራችሁ ብትፈልጉ ይገኛል። ሲ7 (C7) የሚለው ሠንጠረዥ ከትምህርት ውጤት፣ ከድርሰትና ከምስክር ደብዳቤ የትኛው ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይናገራል። ሲ9 (C9) የገቡት ተማሪዎች የኤስኤቲ፣ ማለትም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ፈተና፣ ውጤት ከየት እስከ የት እንደሆነ ያሳያል። ከሁሉም የሚበልጠው ኤች6 (H6) ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ለስንት የውጭ አገር ተማሪ ድጋፍ እንደሰጠና አማካዩ ስንት ዶላር እንደሆነ የተጻፈው እዚያ ነው። ይህን ቁጥር ክፍል ቢ ላይ ካለው የውጭ አገር ተማሪዎች ብዛት ጋር አስተያዩት። 600 የውጭ ተማሪ ኖሮት ድጋፍ ያገኙት 40 ከሆኑ፣ ያ ትምህርት ቤት ከውጭ የሚፈልገው ከፋይ ነው። ከዝርዝሩ አውጡት።

ዩኒቨርሲቲዎቹ «የገንዘብ አቅም ከማመልከት አያግዳችሁ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት የውጭ አመልካች ድጋፍ መጠየቁን ለመቀበል ውሳኔ አይቆጥሩትም፤ ከተቀበሉም የጎደለውን ይሞላሉ። አብዛኞቹ ሌሎች ግን ይቆጥሩታል። እዚያ ድጋፍ መጠየቅ ራሱ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ኤች6 ሳይታይ መላክ ማመልከቻ ማባከን ነው።

«ፈተና ግዴታ አይደለም» የሚለውንም አትቀበሉት። ትምህርት ቤታችሁን የማያውቅ መራጭ ከባሕር ዳር የመጣን 95 አማካይ ከምን ጋር ያመሳክረዋል? ኤም አይ ቲ በ2022፣ ሃርቫርድና ዳርትማውዝ ደግሞ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፈተናውን መልሰው ግዴታ አድርገዋል። ኤስኤቲ የሚሰጠው አዲስ አበባ ስለሆነ የጉዞውንና የማደሪያውን ወጪ ከ100 ዶላር በላይ ከሆነው የፈተና ክፍያ ጋር ደምሩት።

የቀረው ሥራ ቀላል ነው። የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ውጤት ማኅተም ተደርጎበት ይወጣል። ሁለት መምህራን ምስክር ይጽፋሉ። የማመልከቻ ክፍያውን የትምህርት ቤቱ ኃላፊ በኮመን አፕ (ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ቅጽ በሚያመለከትበት ድረ ገጽ) በኩል ሲያረጋግጥ ማስቀረት ይቻላል። የመደበኛው ማመልከቻ ጊዜ በብዙዎቹ ዘንድ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ያበቃል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው በእኛ ነው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ59። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቁ።

አሁን ወደ ጣጣው። ድጋፍ የሚጠይቅ ቤተሰብ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን፣ የቤተሰብ ገቢና ንብረት የሚጠየቅበትን የኢንተርኔት ቅጽ ወይም የዩኒቨርሲቲውን የራሱን ቅጽ ይሞላል። ጥሩ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም የሚጥለው የልጁ ችሎታ ሳይሆን ወረቀት ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ከሰው ኃይል የሚሰጣችሁ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የወር መነሻ ደመወዝ ብቻ ይዞ ይወጣል። ቅጹ የሚፈልገው ከግብርና ከ7 በመቶ የጡረታ መዋጮ በፊት ያለውን፣ አበል የተካተተበትን የዓመት ድምር ነው። ዓመቱም የእኛ አይደለም። የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ እነርሱ የሚጠይቁት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። የትኛውን ዓመት እንደተጠቀማችሁ በማብራሪያ ሣጥኑ ውስጥ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ።

ነጋዴ ላይ ይብሳል። አነስተኛ ግብር ከፋይ፣ ቀድሞ ደረጃ «ሐ» ይባል የነበረው፣ ብዙ ጊዜ የሒሳብ መዝገብ አይይዝም፤ ግብሩ የሚነሣው ከሽያጭ ነው። ስለዚህ ከገቢዎች በሚወጣው ወረቀት ላይ ጎልቶ የሚታየው ሽያጭ ነው፤ ትርፍ አይደለም። 450 ሺህ ብር ሽያጭ ያለው ሱቅ ዕቃ፣ ኪራይና ግብር ሲነሣለት ለቤቱ 90 ሺህ ላይተርፈው ይችላል። ሽያጩን «ገቢ» በሚለው ቦታ የጻፈ ሰው የልጁን ድጋፍ በገዛ እጁ ቀነሰ። አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ሽያጭ፣ የዕቃ መግዣ፣ ኪራይ፣ ግብር፣ የተረፈ። ከዘጌ ቡና ወይም ከፎገራ ሩዝ የሚተዳደር ቤተሰብም እንደዚሁ፦ ስንት ኩንታል ተመረተ፣ ስንቱ ቤት ተበላ፣ ስንቱ በስንት ተሸጠ። የመሬት መጠቀሚያ ግብር ደረሰኙን አያይዙ።

ባንክ የሚሰጠው ደብዳቤ የዚያን ቀን ሒሳብ ብቻ ያሳያል። እቁብ በወጣበት ሳምንት የተወሰደ ደብዳቤ ድሃውን ባለጸጋ ያደርገዋል። የስድስት ወር ስቴትመንት ጠይቁና ከጎኑ ጻፉ፦ «ከዚህ ውስጥ 200 ሺህ ብር የእቁብ ዕጣ ነው፤ በየወሩ 10 ሺህ ብር መክፈላችን ይቀጥላል።» «ሒሳባችሁ ወፈር ብሎ ይታይ» እያለ ብር ተበድራችሁ እንድታስገቡ የሚመክር ደላላ ካለ አትስሙት። ለድጋፍ ውሳኔ እውነተኛው አቅም ነው የሚፈለገው። ለቪዛም ቢሆን የምታሳዩት ከድጋፉ የተረፈውን ክፍተት ለመሸፈን የሚበቃችሁን ነው። በድንገት የገባ ብር በሁለቱም ቦታ ጥያቄ ያስነሣል።

የምንዛሪው ነገር ደግሞ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 አለፈ። በወር 20 ሺህ ብር የሚያገኝ ሰው በፊተኛው ሲሰላ በዓመት 4,200 ዶላር አለው፤ በ135 ሲሰላ 1,780 እንኳ አይሞላም። ቅጹ በብር ከጠየቀ በብር ሙሉ። በዶላር ከጠየቀ የተጠቀማችሁበትን ተመንና ቀን ጻፉ።

ቤት ያለው ሰው ደላላ የነገረውን ዋጋ እንዳለ አይጻፍ። የተሠራበትን ዓመትና ያኔ የወጣውን ወጪ ጽፎ፣ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ ቤቱ መኖሪያ እንጂ ኪራይ የማያመጣ መሆኑን ያስረዳ። ደብቁ አላልኩም፤ የሚከራይ ክፍል ካለ ኪራዩ ይጻፍ። አሜሪካ ያለ አጎት በየበዓሉ የሚልከውም ይጻፍ።

የገቢ ማስረጃ የሚሰጡት ጽሕፈት ቤቶች ነገር ዛሬም ያናድደኛል። «ገቢያቸው ዝቅተኛ ስለመሆኑ» የሚል ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ይሰጣሉ። «መጠን አንጽፍም» ይላሉ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ መልሱ «አሠራሩ ነው» ነው። ማኅተሙ ፊርማውን ሸፍኖት ቀኑ አይነበብም። እንዲህ ያለ ወረቀት ለአሜሪካው መራጭ ምንም አይነግረውም። የሚሻለው ረቂቁን ራሳችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ መሄድ ነው፦ ሙሉ ስም፣ የሥራ ዓይነት፣ የዓመት ገቢ በብር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ቀን። አሻፈረኝ ካሉ የግብር ደረሰኙና የእናንተው ሠንጠረዥ ከባዶው ደብዳቤ ይሻላሉ። ትርጉሙን ሕጋዊ ተርጓሚ ይሥራው፤ የስም አጻጻፉ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ይመሳሰል። አባትና ልጅ በመጨረሻ ስማቸው የማይገናኙት በአገራችን ልማድ መሆኑን በአንድ መስመር ማስረዳት ብዙ ደብዳቤ መመላለስ ያስቀራል።

መልሱ መጋቢት ላይ ሲመጣ የድጋፉን ደብዳቤ በጥንቃቄ አንብቡ። ጠቅላላ ወጪው 88 ሺህ ዶላር ነው እንበል። 79 ሺው ስጦታ፣ 3 ሺው ልጁ ግቢ ውስጥ ሠርቶ የሚያገኘው፣ 6 ሺው የቤተሰብ ድርሻ። 6 ሺህ ዶላር በ135 ሲመነዘር 810 ሺህ ብር ነው፤ ያውም በየዓመቱ፣ አራት ዓመት። ብድር ካለበት ከስጦታው ለዩት። የጤና መድን ተካቷል? ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ረጅም ዕረፍት ግቢው ሲዘጋ ልጁ የት ያድራል? ቪዛው የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ አገር ቤት መጥቶ ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልጋል፤ እስኪጨርስ የማይመጣ አድርጋችሁ አስሉት።

ማንም የማይነግራችሁ ግብር ደግሞ አለ። ከትምህርት ክፍያና ከመጻሕፍት በላይ ለምግብና ለመኝታ የሚሰጥ ስጦታ የውጭ ተማሪ ላይ 14 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ከዚህ የሚያድን የግብር ስምምነት የላትም። ለምግብና ለመኝታ 20 ሺህ ዶላር ከተሰጠ 2,800 ዶላር ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ይሸፍነው እንደሆነ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱን አስቀምጡ። ከዚህ ሌላ 350 ዶላር የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) እና 185 ዶላር የቪዛ ክፍያ አለ።

ውሳኔያችሁን እስከ ሚያዝያ 23 ማሳወቅ አለባችሁ። ድርሻው ካልተቻለ እስከዚያው የይግባኝ ደብዳቤ ይጻፍ። ልመና አይሁን፤ ቅጹ ከተሞላ በኋላ የተለወጠውን ከነማስረጃው ይያዝ፦ የምንዛሪ ለውጥ፣ የተዘጋ ሱቅ፣ የሕክምና ወጪ። በየዓመቱ መክፈል የምትችሉትን መጠን በዶላር አስቀምጡ። ልጁም ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማጥናቱን አያቋርጥ፤ ይግባኙ ካልተሳካ እዚሁ ለመግባት የሚያስፈልገው የዚያ ፈተና ውጤት ነው።