ሪከርድ እያለብኝ አምቡላንስ ላይ እንዴት ተቀጠርኩ

አምቡላንስ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ ስል የመጀመሪያው ምላሽ «አርፈህ ተቀመጥ፣ አንተን ማን ይቀጥርሃል?» የሚል ነበር። ያለኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ሲያወራ ጠበቃ ይመስላል፣ ሕግ ግን አያውቅም።

የወንጀል ሪከርዴ ከባድ አይደለም። በወጣትነቴ ሌሊት መንገድ ላይ ግርግር ተነሣ፣ እኔም መሃል ነበርኩ። ሁከት በመፍጠር ተከሰስኩ፣ መቀጮ ከፈልኩ፣ አለቀ። አልታሰርኩም፣ የተጎዳ ሰውም አልነበረም። ፋይሉ ግን አለ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ሪከርድ ያለበት ሰው ይችላል ወይስ አይችልም?» ብሎ ነው። ይሄ ጥያቄ የትም አያደርስም፤ የሚወስነው አንድ አካል አይደለማ። ትምህርት ቤቱ አለ። ለልምምድ የምትገቡበት ሆስፒታል አለ። የሙያ ፈቃድ ሰጪው አለ። ቀጣሪው አለ፤ ከቀጣሪው ጀርባ ደግሞ የመኪናው ኢንሹራንስ። እያንዳንዱ የራሱ ማጣሪያ አለው፣ የአንዱ እሺታም ሌላውን አያስገድድም። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሺያኖችን ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ብቻውን ሥራ አያስጀምርም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው። እንግሊዝም ፓራሜዲክ (አምቡላንስ ላይ የሚሠራ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) ለመባል በጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት መመዝገብ ግድ ነው፤ ቀጣሪው ደግሞ የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያውን በበኩሉ ያስደርጋል።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጀመርኩ። ለትምህርት ከመክፈሌ በፊት ለፈቃድ ሰጪው አካል ጻፍኩ። ሰው ገና ሳይመዘገብ ሪከርዱን አይተው የቅድሚያ አስተያየት በጽሑፍ የሚሰጡ አካላት አሉ። የእኔም ሰጠኝ። «በዚህ ብቻ አንከለክልም፣ ሙሉ ሰነድ ሲቀርብ እንወስናለን» የሚል ነበር። ዋስትና አይደለም፣ ግን ገንዘብ ለማውጣት በቂ ነው።

ሰነድ የሚባለውን ነገር አትናቁት። የማጣሪያው ውጤት ሲመጣ ክሱ ተጽፏል፣ መጨረሻው ግን የለም። ይሄ የተለመደ ነው፤ መዝገቡ ክስን ይዞ ውሳኔውን ሊዘል ይችላል። የሚያነበው ሰው ደግሞ ጉዳዩ ገና ያላለቀ ይመስለዋል። ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄጄ በማኅተም የተረጋገጠ የውሳኔ ግልባጭ አወጣሁ፣ መቀጮው ለመከፈሉም ማስረጃ ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምዘረጋው እነዚህን ነው። ወረቀት ካለ ክርክር ያጥራል።

አብሮ የሚሄደው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ በላይ አያስፈልገውም። ምን እንደተፈጠረ፣ ምን እንደተወሰነ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሠራችሁ። እዚያ ላይ ፖሊሱን መክሰስ፣ ዳኛውን መውቀስ ዋጋ የለውም። አንባቢው ችሎቱን እንደገና ሊያስችል አልተቀመጠም። ማወቅ የሚፈልገው ጥፋቱ ከሥራው ጋር ይገናኛል ወይ የሚለውን ነው።

እንዴት ይገናኛል? ሥራውን አስቡት። ፓራሜዲኮች የሚይዙት ሣጥን ውስጥ እንደ ሞርፊን፣ ፈንታኒልና ኬታሚን ያሉ በጥብቅ የሚቆጠሩ መድኃኒቶች ይኖራሉ። ስለዚህ የአደንዛዥ ዕፅ ጥፋት ከባድ ነው። የማታውቁት ሰው ቤት ትገባላችሁ፣ ባለቤቱ ራሱን ስቷል፣ የኪስ ቦርሳው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስርቆት ከባድ ነው። ታማሚው ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ሊሆን ይችላል። የኃይልና የወሲብ ጥቃት አብዛኛውን ጊዜ በሩን ይዘጋሉ። ጠጥቶ መንዳትን ደግሞ ሰዎች እንደ ቀላል ነገር ያዩታል፤ እኔ ቀላል ነው አልልም። ብዙ ቦታ ሁለት ሆነው ነው የሚወጡት፣ ተራ በተራ ይነዳሉ። ኢንሹራንሱ አልሸፍንም ካለ፣ ፈቃድ ቢኖራችሁም ቀጣሪው ምን ያደርግላችኋል?

እኔን ሊያስቀረኝ የነበረው ባልጠበቅኩት ቦታ ነው፣ ልምምዱ ላይ። ትምህርት ቤቱ ተቀብሎኛል፣ ሆስፒታሉ ግን የራሱ መመሪያ ነበረውና ስሜን ከዝርዝሩ አወጣው። ልምምድ ከሌለ መመረቅ የለም። አስተባባሪዋ ግልባጩንና የፈቃድ ሰጪውን መልስ ይዛ ሌላ ተቋም አነጋገረች፣ እዚያ ገባሁ። ስትመዘገቡ ስለ ልምምድ ቦታዎቹ ማጣሪያ በግልጽ ጠይቁ። ትምህርት ቤቶች ይሄን ከራሳቸው ብዙም አያነሱም።

ክፍል ውስጥ ግን ነገሩ ይረሳል። ልቡ ለቆመ ሰው ደረት መጫን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር። የምንለማመድበት አሻንጉሊት ስለ ሪከርድ አይጠይቅም።

ፎርም ላይ ሌላ ነገር አለ። «ተከሰው ያውቃሉ?» እና «ጥፋተኛ ተብለው ያውቃሉ?» አንድ አይደሉም። ክሱ የተቋረጠለት ሰው ለመጀመሪያው አዎ፣ ለሁለተኛው አይ ይላል። ሪከርድ አሰርዣለሁ የሚልም ይጠንቀቅ፤ ለተራ ቀጣሪ የማይታየው ነገር ለጤና ፈቃድ ሰጪ ሊታይ ይችላል። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መልስ ስጡ። ትንሽ ጥፋት ከነማብራሪያው ያልፋል፣ ተደብቆ የተገኘ ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ይሆናል።

ቃለ መጠይቅ ላይ ሳይጠይቁኝ እኔው አነሣሁት። ከጠያቂዎቹ አንዱ ግልባጩን አገላብጦ «ይሄው ነው?» አለ። «አዎ፣ ይሄው ነው» አልኩ። ወደ መንዳት ልምዴ ተሻገሩ።

ተስፋ ለቆረጠ ሰው ሁልጊዜ የማነሣው ታሪክ አለ። በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ ፍሪደም ሃውስ የሚባል የአምቡላንስ አገልግሎት ተቋቋመ። የቀጠራቸው ሌላው «አይሆኑም» ያላቸውን ጥቁር ወጣቶች ነው፤ ከመካከላቸው ሪከርድ ያለባቸው ነበሩ። ሥልጠናቸውን ያዘጋጀው የልብና ሳንባ ማነቃቂያን በማስፋፋት የሚታወቀው ዶክተር ፒተር ሳፋር ነው። በዘመናዊ የፓራሜዲክ ሥልጠና ላይ አሻራቸው ጎልቶ ይታያል። የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው «ያኔ ሌላ ነው» አለኝ። ይሁንለት።

አሁን እየሠራሁ ነው። ፈቃዴን ባሳደስኩ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። አዲስ ክስ ቢያጋጥም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አሳውቁ የሚል ግዴታም አለብን፤ የጊዜ ገደቡ በየቦታው ስለሚለያይ የራሳችሁን ደንብ አንብቡ። የግልባጩን ቅጂ ስካን አድርጌ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ፣ ዋናው ቤት ነው።