ቻቻ የነገሩኝ ጠበቃ

አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ በደወሉ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ከቤንጋሊ ጋር ነው እንዴ የምትኖረው?» ድምፃቸው ውስጥ ንቀት አለ። እዚህ ዱባይም ያለን ሐበሾች ከዚያ አንሻልም። ቅኝ አልተገዛንም እያልን ጎረቤታችንን ከላይ ወደ ታች እናያለን። በጣም ያናድደኛል።

አል ቁዝ ካምፕ አብረውኝ የሚኖሩት ሽማግሌ የባሪሳል ሰው ናቸው፤ ባንግላዴሽ ደቡብ፣ ወንዝ የበዛበት አገር። ሁላችንም ቻቻ እንላቸዋለን፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። በርበሬያችንን ቀምሰው «ይሄ ያቃጥላል እንዴ?» ብለው የሚስቁ ሰው ናቸው።

ኮንትራት ሲታደስ ቢሮ ተሰለፍን። ቻቻ ተራቸው ሲደርስ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ጸሐፊው ቀና ብሎም አላያቸው። የቀለሙን ሳጥን ገፋ አድርጎ «ጣት!» አለ። «መፈረም እችላለሁ» አሉት በእንግሊዝኛ። ሰውየው እጃቸውን ጎትቶ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ተጫነው። እስክሪብቶው በሌላኛው እጃቸው እንደተያዘ ነበር። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ደሜ ፈላ። ማታ ቧንቧው ሥር ጣታቸውን በሳሙና ሲፈትጉ ቆዩ።

«አያቴም ለአራጣ አበዳሪ በጣቱ ነበር የፈረመው» አሉኝ። «መሬታችንን ያተረፈልን ሐቅ ነው።»

አቡል ቃሲም ፋዝሉል ሐቅ ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 እዚያው ባሪሳል አካባቢ የተወለደ፣ የጠበቃ ልጅ ጠበቃ። የመንግሥት ሹመቱን ትቶ ካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥብቅና ቆመ። ያኔ እንግሊዝ ሕንድን ትገዛ ነበር፤ ቤንጋልም፣ የዛሬዋን ባንግላዴሽ ጨምሮ፣ አንዱ ክፍለ ሀገር ነበር። በ1913 የቤንጋል ሕግ አውጪ ምክር ቤት ገባ፣ በ1935 የካልካታ ከንቲባ ሆነ። የ1937ቱ ምርጫ ግን ልዩ ነው። ለገበሬው የገባው ቃል «ዳል ባት» ነበር፤ ምስርና ሩዝ ለሁሉም። ፓቱዋካሊ በተባለው የምርጫ ክልል ከዳካ ናዋቦች፣ ከባለ ርስት መሳፍንት ቤተሰብ የሆነውን ከዋጃ ናዚሙዲንን አሸነፈ። ከዚያም የቤንጋል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ሥልጣን ላይ ሳለ የገበሬውን ዕዳ መርምረው የሚቀንሱ ቦርዶች በየገጠሩ ተስፋፉ። በ1938 የጭሰኞች ሕግ ተሻሻለ፣ በ1940 የአራጣ አበዳሪዎች ሕግ ወጣ። ልብ በሉ፣ እኛ አገር ጭሰኝነት በአዋጅ የቀረው በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. ነው! ይህን የሚያውቅ ሰው ቤንጋሊን እንዴት ይንቃል?

እርግጥ ሰውየው ወዳጅ ቶሎ ቶሎ ይቀያይር ነበር። በ1940 የሕንድ ሙስሊሞች የራሳቸው አገር ይኑራቸው የሚለውን የላሆር ውሳኔ ለሙስሊም ሊግ ፓርቲ ጉባኤ ያቀረበው እሱ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ከፓርቲው መሪ ከጂናህ ጋር ተጣላ። ይህን አልወደድኩለትም። ቻቻ ደግሞ ስለዚህ ሲነሳ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። በ1943 እንግሊዛዊው አገረ ገዢ ሥልጣኑን አስለቀቀው። በ1954 በሰማንያ ዓመቱ ተመልሶ ያኔ የፓኪስታን ክፍል የነበረችው የምሥራቅ ቤንጋል ዋና ሚኒስትር ሆነ፤ በሳምንታት ውስጥ ካራቺ የነበረው የፓኪስታን መንግሥት ሻረው። በ1962 ዳካ ሞተ። ቻቻ ዛሬም «የቤንጋል ነብር» ብለው ነው የሚጠሩት።

እናንተ ለመምጣት የምታስቡ፣ እባካችሁ ስሙኝ። እዚህ ዕዳ የሚሰርዝ ቦርድ የለም። ለደላላ በወለድ ተበድራችሁ፣ የእናታችሁን ቤት አስይዛችሁ አትምጡ። ደሞዙ ዕዳውን ሲከፍል ዓመቱ ያልቃል። እንግሊዝኛ ወይም አረብኛ፣ ቢያንስ ደሞዝና ሰዓት የተጻፈበትን መስመር ለማንበብ የሚበቃ ተማሩ። ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አገር ቤት ለምታምኑት ሰው ላኩ። ክፍል ስትመደቡም ከቤንጋሊዎቹ ጋር ከሆነ ደስ ይበላችሁ። የትኛው አሠሪ ደሞዝ እንደሚያዘገይ ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።